ደህናው እንጀራ ሳይሻግት

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት የሳይንስ መምህር ወር ሳይጋመስ ኪሱ ባዶ እየሆነ ቢቸግረው አከራዩን ምክር ጠየቃቸው። ሴትዮዋ ስለ ደመወዙ አንድም ነገር አላነሡም። እንጀራ የሚያስቀምጥበትን መሶብ ከፍተው እስከ ታች ገለጡት። ከሥር ያሉት ሦስቱ አረንጓዴ ነጠብጣብ ጥለዋል።

«ይሄ መቼ የተጋገረ ነው ልጄ?»

«እሑድ የገዛሁት ነው፣ እማማ። ዛሬ ዓርብ አይደል።»

«አዲስ በገዛህ ቁጥር ከላይ ትደርብበታለህ። ስትበላም ከላይ ነው የምታነሣው። የታችኛው በዚያው ተረስቶ ይቀራል። ገንዘብህን የሚበላው እሱ ነው።»

«የሻገተውን ቆርጬ ጥዬ ቀሪውን ብበላውስ?»

«አይሆንም! እንጀራ ውስጡ እርጥብ ነው። ሻጋታው ላዩ ላይ የታየህ ውስጥ ውስጡን ከሄደ በኋላ ነው። እኔ ለላሟ ነበር የምሰጠው።»

እዚህ ላይ መምህሩም የሚያውቀው ነገር ነበረው። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ላሟ ከመኖዋ ጋር ከበላችው በወተቷ ይመጣል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት ወተት ውስጥ ለተገኘው መርዝ ዋና ምንጭ ሆኖ የታየው የተበከለ የኑግ ፋጉሎ ነው። አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያ ጉድጓድ ይግባ» አሉ።

መምህሩ ጥያቄውን ቀጠለ። ሻጋታ ያልነካቸው ግን መድረቅ የጀመሩ አራት እንጀራዎች ቀርተዋል፤ ምን ይሁኑ?

«ድርቆሽ ነዋ! ግን ልብ በል፤ ድርቆሽ የሚሆነው ደህናው እንጀራ ነው። ሰው ሁሉ ሊበላሽ ሲል ያደርቀዋል፤ ያን ጊዜ ጊዜው አልፏል። እንደማትጨርሰው ያወቅህ ዕለት፣ በሁለተኛው ቀን አድርቀው።»

አሠራሩን እያሳዩ ነገሩት። እንጀራው በእጅ ተቆራርሶ ሰፌድ ላይ ሳይደራረብ ይሰጣል። ፀሐይ ላይ ውሎ በየመሐሉ ይገላበጣል፤ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ይገባል። በክረምት ፀሐይ ከጠፋ ከምድጃ አጠገብ ይደረጋል። መድረቁ የሚታወቀው ሲሰብሩት ቀጭ ሲል ነው። ጎበጥ ብሎ ከታጠፈ እርጥበት አለውና ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይውላል። ከዚያ በኋላ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ይቀመጣል። በድሮ ጊዜ ዘማችና ነጋዴ ከበሶና ከዳቦ ቆሎ ጋር ስንቅ አድርጎ የሚይዘው ይህንኑ ነበር፤ ዛሬም ውጭ አገር ላሉ ልጆች በሻንጣ ይላካል።

«አበሳሰሉስ?»

«ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላው። ሲለሰልስ ትንሽ ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ። በርበሬው እንዳያርርብህ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግህ አማስል። የቡሬ በርበሬ ካገኘህ አደራህን፣ ጥሩ ነው፤ ለቀለሙም ለጣዕሙም ትንሹ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ከዚያ ውሃ። ለድርቆሽ ሲሆን ቁሌቱን ቀጠን አድርገው፤ ደረቅ ነውና ይጠጣዋል። ሲፈላ ድርቆሹን ጨምርበት፣ እሳቱን አጥፋ፣ ክደነው። ብዙ ካማሰልህ ገንፎ ይሆናል።»

የበቆሎ እንጀራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአካባቢው ያሉት ቡሬና ወንበርማ በቆሎ አብቃይ በመሆናቸው በብዙ ቤት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይጋገራል። ርካሽ ነው፤ ሆኖም ቶሎ ደርቆ ይፈረፈራል። ስለዚህ በተጋገረበት ዕለትና በማግስቱ ይበላል፤ የጤፉ ይቆያል። ሁለቱን የገዛ ሰው ከየትኛው እንደሚጀምር ካወቀ ግማሹን ሥራ ሠርቷል።

መምህሩ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በእ.ኤ.አ. 2024 ካወጣው ሪፖርት ያነበበውን ነገራቸው። በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህ ውስጥ 60 ከመቶው የባከነው በየሰዉ ቤት ነው። እሳቸውን ያስገረማቸው የቶኑ ብዛት ሳይሆን ብክነቱ ከጓዳ መሆኑ ነው። «እኛማ ገበሬው ማሳ ላይ፣ ጎተራ ውስጥ ነው የሚጠፋው ስንል» አሉ። በአገራችን ነቀዝና እርጥበት ከማሳ እስከ ጎተራ የሚያጠፉት በእርግጥ ብዙ ነው፤ ተከራዩ መምህር ሊያድነው የሚችለው ግን የራሱን መሶብና ድስት ነው።

ወደ ድስቱም ተሻገሩ። ማቀዝቀዣ የለውም፤ የምሳው ሽሮ እስከ ማታ እየጎመዘዘ ይጠብቀዋል።

«ከድስቱ በእንጀራ ትጠቅሳለህ?»

«አዎ።»

«እሱን ተው። በጭልፋ ሳህን ላይ አውጣ፤ እጅ የገባበት ወጥ አያድርም። የተረፈውን ለብ ብሎ ፍም ዳር አታቆየው፤ ቶሎ አቀዝቅዘው። ስትበላው እንደገና ይንተክተክ፤ ሽሮ ሲያድር ይጠጥራልና ውሃ ጨምርበት። የማታውን ጠዋት ፍትፍት አድርገው። የተቀቀለ ምስር ከተረፈህ ደግሞ በሰናፍጭ፣ በቃሪያና በሎሚ እሸው፤ አዚፋ ነው፣ እሳት አይጠይቅህም።»

ስለ እሳት ከተነሣ የባቄላው ነገር መጣ። ከሰል የሚጨርስበት እሱ ነው። «ግሽ ዓባይ ያለችው እህቴ ባቄላዋን ማታ ሳትዘፈዝፍ አታድርም» አሉት። መምህሩ ምክንያቱን ለተማሪዎቹ የሚያስተምረው ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የዓባይ ምንጭ ያለበት የሰከላው ግሽ ዓባይ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ 91 ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ስለዚህ እዚህ ጥራጥሬ በቆላ ከሚበስልበት የረዘመ ጊዜ ይፈጅበታል። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ ባቄላ ግን ከሰሉን ይቆጥባል።

ድንች ከሰከላ ደጋ በብዛት ይወርዳል። መምህሩ በፌስታል አስሮ መስኮት ላይ ነው የሚያስቀምጠው።

«ጨለማና ነፋስ ያለበት ቦታ አድርገው። ዓይን ካወጣ ዓይኑን በደንብ ጎርጉረህ አውጣ። አረንጓዴ የሆነውን ጠለቅ አድርገህ ቁረጥ፤ ብዙው ከለወጠ ወይም ከመረረህ ጣለው፣ ሆድ ያማል።»

የጾሙ ነገር በዚህ አገር ለብቻው ስሌት ይፈልጋል። ማክሰኞ ማታ የተረፈ ወተት ረቡዕ አይቀመስም። «ታዲያ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሳቸው ረጅም ነው። ወተቱ በታጠነ ዕቃ ይረጋና ሐሙስ እርጎ ሆኖ ይጠብቃል። ብዙ ከሆነ ተንጦ ቅቤው ይወጣል፤ አሬራው በቀስታ ሞቆ አይብ ይሆናል፤ አጓቱን ጥጃ ይጠጣዋል። ቅቤው ሲነጠር ውሃውና አተላው ስለሚወጣለት 55 ቀኑን የሑዳዴ ጾም አልፎ ለፋሲካ ይደርሳል። ሥጋ ላይ ግን ቁርጥ ያለ ቃል ሰጡት። ማክሰኞና ሐሙስ በምሽቱ ከሚበላው በላይ እንዳይገዛ፤ ከተረፈም ሳይበስል በቀጭኑ ዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ አሽቶ ቋንጣ እንዲሰቅለው።

በመጨረሻ መምህሩ በርካሽ የገዛውን ሽሮ በኩራት አመጣ። አሮጊቷ ቆንጠር አድርገው ቀመሱ።

«ከምን እንደተፈጨ ጠየቅህ?»

«አልጠየቅኩም።»

ሥጋታቸው ጓያ ተቀላቅሎበት እንዳይሆን ነው። ጓያ ድርቅንም ውሃ መተኛትንም ስለሚችል በክፉ ዘመን ድሃውን ያተርፋል፤ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን እግር ያሽመደምዳል፣ ጉዳቱም አይድንም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ በደንቢያና በፎገራ ብዙ ሰው የጎዳው እሱ ነው። አልፎ አልፎ መቀመሱ ሳይሆን ሌላ ምግብ ጠፍቶ በየቀኑ መበላቱ ነው አደገኛው፤ በወር መጨረሻ ሽሮ ብቻ የሚበላ ደመወዝተኛ ደግሞ ለዚያ ቅርብ ነው።

«ግቢው ውስጥ ሦስት ተከራዮች ናችሁ» አሉት። «አዋጡና አተርና ባቄላ ከገበያ እናንተው ግዙ። ለቅማችሁ፣ ቆልታችሁ፣ ከክታችሁ አምጡልኝ፤ ቅመሙን እኔ ልኩን አሳያችኋለሁ። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ግን ቀድሞ ምን እንደተፈጨበት ጠይቁ።»

«ሽንኩርቱስ አብሮ ይፈጫል፣ እማማ?»

«ነጭ ሽንኩርቱ ከዝንጅብሉ ጋር ተወቅጦ፣ ደርቆ። እርጥቡን ከጨመርክበት ሽሮውም ይሻግትብሃል።»