የጣት አሻራ ምስጢር ነውን?

የይለፍ ቃላችን ቢሰረቅ በሌላ እንተካዋለን። የጣት አሻራችን ቢሰረቅስ በምን እንተካዋለን? ጥያቄው ሁላችንንም ይመለከታል፤ ለፋይዳ መታወቂያ ስንመዘገብ የ10 ጣቶቻችን አሻራ፣ የዓይናችን አይሪስና የፊታችን ምስል ይወሰዳሉና።

ለመሆኑ ኮምፒውተር አሻራን እንዴት ያነባል? በጣታችን ላይ ያሉት ሸንተረሮች የሚያበቁባቸውንና ለሁለት የሚከፈሉባቸውን ነጥቦች ለይቶ፣ አቀማመጣቸውን በቁጥር ይመዘግባል። የአንድ ጣት ሁለት ንባቦች ፍጹም አንድ ስለማይሆኑ፣ ውሳኔው በመመሳሰል መጠን ላይ ይመሠረታል። የሚጠየቀው መጠን ዝቅ ቢል ባዕድ ሰው ሊያልፍ ይችላል፤ ከፍ ቢል ደግሞ ባለቤቱ፣ በተለይም ጣቱ በሥራ ብዛት የተፋቀ ገበሬ ወይም ግንበኛ፣ «አንተ አይደለህም» ሊባል ይችላል።

የስርቆቱም ስጋት ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት የ5.6 ሚሊዮን ሰዎች አሻራ መሰረቁ ታውቋል።

ከዚህ የምንረዳው አሻራ ማንነትን የሚጠቁም ምልክት እንጂ ምስጢር አለመሆኑን ነው፤ በያዝነው ብርጭቆ ሁሉ ላይ ትተነው እንሄዳለን። ስለዚህ ብቻውን ቁልፍ ሊሆን አይገባውም፤ የምስጢር ቁጥር ቢታከልበት ይመረጣል። በአገራችንም የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 በ2015 ዓ.ም.፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥተዋል። ሕጉ እንዲሠራ ግን ጠያቂ ዜጋ ያስፈልገዋል። እንግዲያው አሻራችንን ከመስጠታችን በፊት፦ ለምን ዓላማ? የት ይቀመጣል? ማንስ ያየዋል? ብለን እንጠይቅ።