ካልጨመርሽላቸው አቅልዪላቸው

ነይ እስቲ፣ ካልኩሌተሩን ወዲህ አምጪው። «ለሠራተኞቼ ጥቅማጥቅም ልጀምር ነው» ስትዪ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ግን አስራ ሁለት ሰው የሚሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ይዘሽ የባንክ ጥቅማጥቅም እንዳትቀጂ። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ክሩም ዚፑም ምን ያህል እንደተወደደ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። በልጆቹም ላይ ታክሲው፣ ጤፉ፣ የቤት ኪራዩ ጨምሯል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ እነሱ ለየብቻ ሲገዙት የሚወደድባቸው፣ እኔ ግን በጅምላ ስለምይዘው የሚረክስልኝ ምንድን ነው? እሱን ስጪ፤ ሌላው ይቆይ።

መጀመሪያ ግን ሕጉ፣ የኔ ቆንጆ። ጡረታ ካንቺ 11 በመቶ፣ ከሠራተኛዋ 7 በመቶ። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን። የወሊድ 120 ቀን ከነደሞዙ፣ አባት ለሆነውም 3 ቀን። ይሄ ጥቅማጥቅም አይባልም፣ ዕዳሽ ነው። ጡረታቸውን ሳትገቢ ለፋሲካ ዶሮ እያከፋፈልሽ ቸር ልትባዪ ከሆነ እኔና አንቺ እንጣላለን።

አሁን ሂሳቡን እንየው። 8,000 ብር ለሚከፈላት ልጅ 1,000 ብር ብትጨምሪላት ካንቺ ኪስ ከነጡረታው 1,110 ይወጣል። እጇ የሚገባው ስንት ይመስልሻል? በዚያ እርከን ግብሩ 25 በመቶ ነው፤ 250 ለግብር፣ 70 ለጡረታ ሄዶ 680 ይቀራታል። ጡረታው ለራሷ ነው፣ እውነት ነው፤ የዛሬን ዳቦ ግን አይገዛም። የሕክምና ወጪዋን ብትሸፍኚላት ግን ሕጉ ለሠራተኛ ሕክምና በትክክል የወጣውን ገንዘብ ከግብር ነፃ ስላደረገው፣ ሺህ ብሩ ሺህ ሆኖ ይደርሳታል። በደረሰኝ ብቻ ታዲያ! «ደሞዙን ሕክምና ብለሽ ጻፊው» የሚልሽን ብልጥ አትስሚ፤ ኦዲት የመጣ ቀን ስልክሽን አያነሳም።

እንግዲያው ወደ ሰፈርሽ ደህና ክሊኒክ ሂጂና ባለቤቱን አነጋግሪ። ሠራተኛዋ ማህተም ያለበት ወረቀት ይዛ ትሄዳለች፣ አንቺ ወር ሲያልቅ ጠቅልለሽ ትከፍያለሽ፣ ለአንድ ሰው በዓመት ጣሪያው ይሄን ያህል ነው ብለሽ በጽሑፍ ተዋዋዪ። ቅናሽ ለመጠየቅ አትፈሪ፤ አስራ ሁለት ደንበኛ ይዘሽ ነው የሄድሽው። መድኃኒቱን ደግሞ እንዳትረሺ። ካርዱንና ምርመራውን ከፍለሽ መድኃኒቱን ለራሷ ከተውሽው፣ ማዘዣውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና ተመልሳ ማሽኗ ላይ ትቀመጣለች። ገንዘብሽም ወጣ፣ እሷም አልዳነች።

ምሳው ላይ ደግሞ አታስቸኩዪኝ። ምሳ ዕቃ ይዘው የሚመጡት እየቀነሱ መሆኑን አይተሻል? «ቁርስ አርፍጄ ስለበላሁ ጠግቤያለሁ» የምትለዋን ልጅ ልብ በያት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስፌቷ ይወላገዳል፣ አንቺ ትቆጪያታለሽ፣ እሷ ደግሞ ራበኝ አትልም። ጤፉን በኩንታል ግዢ፣ ዘይቱን ከሸማቾች፣ ለማብሰሉም ግማሽ ቀን የምትሠራ ሰው ፈልጊ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በየተራ ይበቃል። የጾም ምግብ ከሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላል፣ ረቡዕና ዓርብ ሌላ ወጥ አያሠራሽም። በረመዳን ለሚጾሙት ድርሻቸውን ለማፍጠሪያ ቋጥረሽ ስጪ። አንቺም አብረሽ ብዪ፣ ሆዴ፤ ወጡ የሚቀጥነው አሠሪዋ ያልበላችበት ቀን ነው።

ለትራንስፖርት ብለሽ ሚኒባስ አትከራዪ፤ አቅምሽ አይደለም። ይልቅ ቅዳሜን ተያት። ሥራው የሚጠይቅ ከሆነ የአንዱን ቀን ሰዓት ወደ ሌሎቹ ማከፋፈል ሕጉ ይፈቅዳል፤ ከስምንቱ ሰዓት በላይ በቀን ከሁለት ሰዓት አትለፊ እንጂ 48ቱ ሰዓት በአምስት ቀን ያልቃል። ለእነሱ የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ታክሲ ቀረላቸው፣ ላንቺ የአንድ ቀን ምሳና መብራት። ልጅ ከትምህርት ቤት የምትቀበል እናት ካለች ግን አስቀድመሽ አማክሪያት። ለሌላው እፎይታ የሆነው ለሷ ጭንቅ ሊሆን ይችላል።

ብድር ይጠይቁሻል፤ አበድሪ። ካንቺ ያጣች ልጅ ወደ አራጣ አበዳሪ ነው የምትሄደው። ደንብሽ አጭር ይሁን፦ የፊተኛው ሳያልቅ ሌላ የለም፤ በወር ከደሞዟ ሲሶ በላይ አይቆረጥም፣ ሕጉም ከዚያ በላይ አይፈቅድልሽም። እቁብ ከጀመሩ ይጣሉ፣ አንቺ ግን ዳኛ አትሁኚ። አንዷ የደረሳትን ወስዳ የጠፋች ቀን አሠሪም ዳኛም ሆነሽ እንቅልፍ ታጫለሽ።

ስምሽ የታተመበት ቲሸርት፣ የዓመት መጨረሻ የሆቴል ግብዣ? ተይው እባክሽ።

እና ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ ሁልጊዜ» የሚባል ቃል ከአፍሽ አይውጣ። አንዴ የተለመደ ነገር መብት ይሆናል፤ ስትቀንሺውም ጭራሽ ካለመጀመርሽ ይልቅ ያስኮርፋል። የምሳው ወጪ በግብር በኩል እንዴት እንደሚያዝ ዛሬውኑ አካውንታንትሽን ጠይቂና፣ የምትሰጪውን በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊ። ከታች «እስከ ሰኔ 30» በዪበት። ሰኔ ሲደርስ የዘይቱንና የክሊኒኩን ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የሚቀጥለውን ከእነሱ ጋር ወስኚ።