ያገለገለ አውቶሞቢል ስንገዛ የሞተሩን ጤንነት እንዴት እንመርምር?

ከአዲስ ዓለም ተነሥቶ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ እስከ ባኮ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ከሚገዛቸው ነገሮች ሁሉ ከቤት ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው የቤት አውቶሞቢል ነው። ገንዘቡም ዕቁብ ወጥቶ፣ ከብት ተሸጦ፣ ወይም ወንድማማች ተዋጥቶ የሚገኝ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እንግዲህ በገበያው ላይ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩት ናቸው። ዕድሜያቸው በየዓመቱ ይገፋል፤ ዋጋቸው ግን እንደ ዕድሜያቸው አይወርድም። እንዲህ ባለው ገበያ ሞተሩ የታመመ መኪና የገዛ ሰው የቤተሰቡን የዓመታት ቁጠባ ጋራዥ ለጋራዥ ሲበትነው ይኖራል።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንጂ መሐንዲሶች አይደለንም። ነገር ግን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ «የተማርክ አይደለህም እንዴ፣ እስቲ ይህን መኪና እይልኝ» የሚል አጎት ወይም ጎረቤት አይታጣምና ነገሩን ማጥናት ግድ ሆነብን።

በመጀመሪያ ስለ ዝና እንነጋገር። በአገራችን «ቶዮታ ከሆነ ግዛው» የሚለው ምክር እንደ ሃይማኖት ቃል የሚነገር ሆኗል። መሠረት የለውም አንልም፤ ዲኤክስ እየተባለ የሚጠራው የድሮ ኮሮላ ከአርባ ዓመት በኋላም በከተሞቻችን ሲሮጥ ይታያል። ነገር ግን ዝናው የዓይነቱ ነው፤ እኛ የምንገዛው አንዱን ሞተር ነው። ያውም ቢሆን የቶዮታ ሞተሮች ሁሉ እኩል አይደሉም። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በነበሩት ዓመታት በብዙ ኮሮላዎች ላይ የተገጠመው 1 ዜድ ዜድ የተባለው ባለ 1.8 ሊትር ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሥሪቶቹ ዘይት በመብላት የታወቀ ነበር። ምክንያቱም በፒስቶኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጠባብ ስለ ነበሩ በጥላሸት ይደፈኑና ፋሻዎቹ ዘይቱን መጥረግ ያቅታቸዋል። ፋብሪካው በኋላ ፒስቶኑን አሻሽሎታል። እንግዲህ ስሙን አምኖ የሚገዛ ሰው ከነዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደ ደረሰው የሚያውቀው ዘይት መጨመር ከጀመረ በኋላ ነው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ማመን አይገባም። ቁጥሩን ወደ ኋላ መመለስ ዛሬ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቆጣሪው 80 ሺህ ሲል የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ተበልቶ አልቆ፣ መሪው አብረቅርቆ፣ የሾፌሩ ወንበር ጎድጉዶ ከተገኘ፣ ሦስቱ ምስክሮች ከአንዱ ቁጥር ይበልጥ ይታመናሉ።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ሞተር እውነቱን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ስለዚህ መኪናውን ለማየት ማለዳ መሄድ፣ ከመነሣቱም በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀን በሌላ ቀን ማለዳ እንመለሳለን ማለት ነውር የለውም። ዘይቱን እንይ፦ ቢጠቁር ምንም አይደለም፤ የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ አረፋ በብዛት ከተገኘ ግን ውኃ ወደ ዘይት ገብቷል ማለት ነውና የቴስታታው ጋርኒሲዮን ያጠራጥራል። ራዲያተሩንም፣ ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ብቻ፣ ከፍተን ውኃው ላይ ዘይት እንዳይንሳፈፍ እንመልከት። ከዚያ በኋላ ይነሣ። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይመልከት። ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠል ነው። በአምቦ ማለዳ የሚወጣው ነጭ እንፋሎት ማንንም ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ግን ውኃ እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት ምልክት ነው፤ በባለ ካርቡራተር መኪና ላይ ከሆነ ምናልባት ካርቡራተሩ ለቆላ አየር የተስተካከለ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህ በትንሽ ወጪ ይታረማል።

እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ የሚያመጣውን ነገር መግለጥ ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነውና። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 78 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሞተሩ የሚያምቀው አየር ሲያንስ የኮምፕሬሲዮን መለኪያውም ዝቅ ብሎ ያነባል። የፋብሪካው መጽሐፍ 13 ባር የሚል ከሆነ፣ ጤነኛው ሞተር አምቦ ላይ 10 ገደማ ቢያሳይ ያለ ነው። መጽሐፉን ብቻ ያየ ገዢ ደኅናውን ሞተር በሽተኛ ነው ብሎ ይጥላል፤ ይባስ ብሎ ደላላው «እዚህ አገር ሁሉም ዝቅ ይላል» እያለ በሽተኛውን ይሸጥለታል። መፍትሔው የአራቱን ሲሊንደሮች ቁጥር እርስ በርስ ማስተያየት ነው። ሁሉም ካንዴላዎች ወጥተው፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻ ተረግጦ ይለካ። 10፣ 10፣ 9.5፣ 10 ካለ ይሁን፤ 10፣ 10፣ 7፣ 10 ካለ ግን ሦስተኛው ሲሊንደር ታሟል፤ ከፍታው በአራቱም ላይ እኩል ነውና ምክንያት ሊሆን አይችልም። በዚያ ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጠብ ተደርጎ እንደ ገና ሲለካ ቁጥሩ ከወጣ ጉድለቱ የፋሻ ነው፤ ካልወጣ የቫልቮላ ወይም የጋርኒሲዮን ነው። ይህ መለኪያ በደኅና ጋራዥ ሁሉ ይገኛል፤ የሚወስደውም ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ቀጥሎ መንገዱ ነው። ብዙ የአምቦ ሰው መኪናውን የሚገዛው ከአዲስ አበባ ነው፤ ወደ አምቦ ያለው 115 ኪሎ ሜትር ያህል ጕዞም የመኪናው የመጀመሪያ እውነተኛ ፈተና ይሆናል፤ ፈተናው ግን የሚደረገው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው! ይህ ልማድ መለወጥ አለበት እንላለን። በአስፋልት ላይ አምስት ደቂቃ መንዳት ምንም አያሳይም። በአካባቢያችን የሚሸጥ መኪና ከሆነ ከጉደር ወደ ጌዶ ያለው ዳገት መልካም መመርመሪያ ነው። ዳገቱን ሲወጣ የሙቀት መርፌው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ፣ ሞተሩም ሲጫን እንዳያንኳኳ እንመልከት። ሲመለስ ደግሞ ቁልቁለቱን በማርሽ ይዞ፣ እግርን ከቤንዚን መስጫው አንሥቶ ይውረድ፤ ከታች ሲደርስ ድንገት ይረገጥ። በዚህ ጊዜ ከኋላ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ ዘይት በቫልቮላው ወይም በፋሻው በኩል እየገባ ነው። በከተማ ውስጥ ይህ ነገር አይታይም።

በከፍታው የተነሣ ውኃ አምቦ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከዚህ የሚጠብቀው በራዲያተሩ ክዳን የሚታመቀው ግፊት ስለ ሆነ፣ ያረጀ ክዳን ደኅናውን ሞተር ያቃጥላል። ውኃውም ራሱ ጉዳይ አለው። ማዕድን የበዛበት ውኃ ሲሞቅ ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ይጥልና የራዲያተሩን ቱቦዎች ያጠባል፤ በማዕድን ውኃ ስሟ ከተጠራች ከተማ ዘንድ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። የአምቦ ውኃ ለሆድ መድኃኒት ነው ቢባልም ለራዲያተር ማንም አላዘዘውም። ኩላንት ያለበት መኪና ባለቤቱ እንደ ተጠነቀቀለት አንድ ምልክት ነው፤ ዝገት የቀላቀለ ውኃ የተገኘበት ግን የሌላውንም ጉዳይ ያስጠረጥራል።

የሞተሩ ቁጥርና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር መተያየት እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። ሞተሩ ተለውጦ ከሆነ ቁጥሩ ይናገራል። ጊዜ መጠበቂያው በቺንጊያ ከሆነ መቼ እንደ ተለወጠ ይጠየቅ፤ ወረቀት ከሌለ አልተለወጠም ብሎ አስቦ ዋጋውን ከሒሳቡ መቀነስ ነው። መካኒኩንም ገዢው ራሱ ይዞ ይምጣ፤ ደላላው ያመጣው መካኒክ ገንዘብ የሚያገኘው መኪናው ሲሸጥ ነውና። ቀብድም ቢሆን የአራቱ ሲሊንደሮች ቁጥር በወረቀት ላይ ተጽፎ በእጅ ሳይገባ አይከፈል።