ኦፍሳይድ ነው አይደለም? አወዛጋቢ ጎልን ደረጃ በደረጃ መመርመር

የኦፍሳይድ ክርክር ጉንጭ አልፋ የሚሆነው ደጋፊው ሕጉን ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ተከራካሪዎቹ የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የማንቼው ደጋፊ «ኳሱን መቼ ነካው?» ብሎ ሲጮህ፣ የሲቲው ደግሞ «ከሁሉም አልፎ ቆሞ አላየህም እንዴ!» ይለዋል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ግን አልተገናኙም። አንዱ ስለ ተሳትፎ፣ ሌላው ስለ ቦታ ነው የሚያወራው።

በአንድ የኦፍሳይድ ውሳኔ ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ኳሱ የተላከው መቼ ነው? በዚያች ቅጽበት ተጫዋቹ የት ነበር? እዚያ ሆኖስ ምን አደረገ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይለካሉ፤ ሦስተኛው ይፈረዳል። ደህና የኳስ ክርክር ጨዋታውን እንደገና ያሳያል ብዬ ስለማምን፣ ቅደም ተከተሉን ሳታዛቡ እንድትሄዱ እመክራለሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ዳኛው ምን እንደሰጠ አረጋግጡ

ጎል ሲሻር ቤቱ ሁሉ «ኦፍሳይድ!» ይላል። ዳኛው ግን ጥፋት ወይም የእጅ ንክኪ አይቶ ሊሆን ይችላል። የመሃል ዳኛውን ክንድ ተመልከቱ። የኦፍሳይድ ቅጣት ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ስለሆነ፣ ኳሱ እስኪመታ ድረስ ክንዱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ክንዱ ወደ ላይ ካልተነሳ የምትከራከሩት ስለ ሌላ ነገር ነው።

ደረጃ 2፦ ኳሱ ከየት መጣ?

በቀጥታ ከግብ ምት፣ ከእጅ ውርወራና ከኮርነር በተገኘ ኳስ ኦፍሳይድ የለም። ኳሱ ሲላክ በራሱ ሜዳ የነበረ ተጫዋችም ኦፍሳይድ አይሆንም። ኮርነሩ በአጭሩ ተሰጥቶ ኳሱ ወደ መሐል የተሻማ ከሆነ ግን ሕጉ ሥራውን ይጀምራል። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ደረጃ 3፦ ምስሉን በትክክለኛዋ ቅጽበት አቁሙ

ክርክሩ በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ነው። ቦታው የሚታየው ኳሱ አጥቂው ጋ ሲደርስ አይደለም፤ የቡድን ጓደኛው ኳሱን ሲነካ ነው። እሱም ቢሆን እግሩ ኳሱን መጀመሪያ የነካበት ቅጽበት እንጂ ኳሱ ከእግሩ የተለየበት አይደለም። በረኛ በእጁ ሲወረውር ብቻ በተቃራኒው ኳሱ ከእጁ የወጣበት ቅጽበት ይወሰዳል።

ሒሳቡን እንሥራው። አጥቂው በሰከንድ 8 ሜትር እየሮጠ ነው እንበል። ምስሉ በሰከንድ 50 ፍሬም ቢኖረው፣ ከአንዱ ፍሬም እስከ ቀጣዩ አጥቂው 16 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በሰከንድ 25 ፍሬም ባለው ቪዲዮ ደግሞ 32 ሳንቲ ሜትር። ተከላካዩ በተቃራኒው አቅጣጫ እየወጣ ከሆነ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። እንግዲህ አንድ ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ «ይኸው፣ በእግሩ አልፏል!» ካለ፣ መጀመሪያ የአጥቂውን እግር አትመልከቱ፤ የአቀባዩን ተመልከቱ። ኳሱ ከአቀባዩ ጫማ አንድ ክንድ ርቆ ከታየ ምስሉ የቆመው ዘግይቶ ነው፤ ማስረጃ አይሆንም።

በ2022ቱ የኳታር ዓለም ዋንጫ ኳሱ ውስጥ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ የሚልክ ሴንሰር የገባው ይህችን ቅጽበት ለመያዝ ነው። ጣሪያ ሥር የተተከሉ 12 ካሜራዎች ደግሞ የእያንዳንዱን ተጫዋች እስከ 29 የአካል ነጥብ በሰከንድ 50 ጊዜ ይከታተሉ ነበር። ፕሪምየር ሊጉ ከፊል አውቶማቲክ የኦፍሳይድ መለያ ቴክኖሎጂ መጠቀም የጀመረው በኤፕሪል 2025 ነው። ከዚያ በፊት የነበረ የሊጉን ጎል ካነሳችሁ፣ ፍሬሙን የመረጠው ሰው መሆኑን አስታውሱ።

ደረጃ 4፦ ከመጨረሻ ሁለተኛውን ተጫዋች ፈልጉ

«ከመጨረሻው ተከላካይ አልፏል» የሚለው አባባል ብዙ ሰው አሳስቷል። ሕጉ የሚለው ከመጨረሻ ሁለተኛ ተጋጣሚ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው በረኛው ስለሆነ ልዩነቱ አይታወቅም። በረኛው ሲወጣ ግን ጉዱ ይፈላል። በ2010 የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ መክፈቻ ላይ፣ ሶከር ሲቲ ስታዲየም ውስጥ፣ የአስተናጋጇ በረኛ ኩኔ ኮርነር ለማውጣት ወጥቶ ሳለ የሜክሲኮው ካርሎስ ቬላ ጎል አስቆጠረ። ከቬላ ኋላ በግቡ አፍ አንድ ተከላካይ ቆሞ ስለነበር «እንዴት ኦፍሳይድ ይሆናል?» ያለው ተመልካች ብዙ ነበር። ሆኖም የነበረው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው አልነበረም። ጎሉ መሻሩ ትክክል ነበር።

ከሜዳ የወጣ ተከላካይስ? ይቆጠራል። በዩሮ 2008 ሆላንድ ጣሊያንን 3 ለ 0 ስታሸንፍ፣ ቫን ኒስተልሮይ የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረው ፓኑቺ ከራሱ በረኛ ከቡፎን ጋር ተጋጭቶ ከመስመሩ ውጪ ወድቆ ሳለ ነው። ሕጉ እንዲህ ያለውን ተከላካይ በግብ መስመሩ ላይ እንዳለ ይቆጥረዋል። ባይሆን ኖሮ ማንኛውም ተከላካይ ከሜዳ እየወጣ አጥቂ ኦፍሳይድ ያደርግ ነበር።

ደረጃ 5፦ አካሉን ለኩ፣ ካሜራውን ግን አትመኑ

የሚለካው ራስ፣ ገላና እግር ነው። ክንድ አይቆጠርም፤ የበረኛም ቢሆን። ወሰኑ የብብት ታችኛው ጫፍ ነው። እኩል የቆመ ኦፍሳይድ አይደለም፤ ይህ ከ1990 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው።

ዋናው የቴሌቪዥን ካሜራ የሚቆመው በሜዳው አጋማሽ አቅጣጫ ነው። ከዚያ ሆኖ ወደ ግቡ ሲመለከት፣ እኩል ከቆሙ ሁለት ተጫዋቾች ለካሜራው የቀረበው ወደ ግቡ ያለፈ፣ የራቀው ደግሞ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል። ስለዚህ ስክሪኑ ላይ በጣት ቀጥ ያለ መስመር መሥራት ዋጋ የለውም። ይልቅ የሳሩን አጨዳ ተመልከቱ። በብዙ ስታዲየሞች ደመቅና ፈዘዝ ብለው የሚታዩት ሰቆች ከግብ መስመሩ ጋር ትይዩ ናቸው፤ ምስሉ ላይ ዘመም ብለው ይታያሉ፤ የእናንተም መስመር በእነሱ ልክ መዝመም አለበት። የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ የፊት መስመርም ቅርብ ከሆነ ያው ነው።

የቪዲዮ ረዳት ዳኛ (ቫር) በሌለበት የሰፈር ውድድር ይኸው ነገር የመስመር ዳኛውን ያሳስታል። ከመከላከያ መስመሩ ትንሽ ወደ ኋላ ከቀረ፣ በእሱ በኩል ያለው አጥቂ ሳያልፍ ያለፈ ይመስለዋል፤ በወዲያኛው ጥግ ያለው ደግሞ አልፎ ሳለ እኩል ይመስለዋል። ባንዲራው ትክክል ነው አይደለም ከማለታችሁ በፊት «የት ቆሞ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ እዚያ ሆኖ ምን አደረገ?

ቦታው ተለክቶ ኦፍሳይድ ከሆነ ክርክሩ ያለቀ ይመስላል። ገና መጀመሩ ነው። ኦፍሳይድ ቦታ ላይ መቆም ብቻውን ጥፋት አይደለም። ተጫዋቹ ኳሱን መንካት፣ ከግቡ ብረት ወይም ከበረኛ በተመለሰ ኳስ መጠቀም፣ ወይም ተጋጣሚን ማወክ አለበት። ማወክ ማለት ደግሞ እይታን በግልጽ መጋረድ፣ ለኳስ መታገል፣ ቅርቡ ያለን ኳስ ለመጫወት በግልጽ ሞክሮ ተጋጣሚን ማሰናከል፣ ወይም ተጋጣሚ ኳሱን እንዳይጫወት በግልጽ የሚነካው ድርጊት መፈጸም ነው።

ሁለት ጎሎችን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጃንዋሪ 14 ቀን 2023 ኦልድ ትራፎርድ ላይ ካሴሜሮ የላከውን ኳስ ራሽፎርድ ከኦፍሳይድ ቦታ ተነስቶ ተከተለው፤ ኳሱ ከእግሩ ሥር ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን አልነካውም፤ ብሩኖ ፈርናንዴዝ ደርሶ አስቆጠረ። የመስመር ዳኛው ባንዲራ ቢያነሳም ዳኛው ጎሉን አጸደቀ፤ ማንቼ ሲቲን 2 ለ 1 አሸነፈ። በ2024ቱ የሊግ ካፕ ፍጻሜ ደግሞ የሊቨርፑሉ ቫን ዳይክ ቼልሲ ላይ በጭንቅላቱ ያስቆጠረው ጎል ተሻረ፤ ምክንያቱም ኦፍሳይድ የነበረው የቡድን ጓደኛው ኤንዶ የቼልሲውን ተከላካይ የኮልዊልን መንገድ ዘግቷል። ኤንዶም ኳሱን አልነካም።

በእኔ እምነት የራሽፎርዱ መሻር ነበረበት። የሲቲው በረኛ ኤደርሰን የሚዘጋጀው ራሽፎርድ ይመታል ብሎ ነው፤ ተከላካዩ አካንጂም የሚያየው እሱን ነው። ለኳሱ እየሮጠ እግሩን ሊሰነዝር የተዘጋጀ አጥቂ ተከላካዮቹን አላወከም ማለት ይከብደኛል። ሆኖም «በግልጽ» የምትለዋ ቃል ለዳኛው ሰፊ በር ትከፍታለች፤ በዚያ በር የገባ ዳኛ ሕግ ጣሰ አይባልም። እዚህ ደረጃ ላይ ስትደርሱ «ሕጉ እንዲህ ይላል» ከማለት «እኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው» ማለት ይሻላል። ተጋጣሚያችሁ ቡድን በእናንተ ላይ ያንኑ ጎል ቢያስቆጥር መልሳችሁ ይቀየር እንደሆነም እርስ በርስ ተጠያየቁ።

ደረጃ 7፦ ተከላካይ ነክቶት ከሆነ

ኦክቶበር 10 ቀን 2021 በኔሽንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ሳን ሲሮ ላይ፣ ኤምባፔ ኦፍሳይድ ሆኖ ሳለ የስፔኑ ኤሪክ ጋርሲያ ተንሸራቶ ኳሱን ጫፉን ስለነካው ጎሉ ጸደቀ፤ ፈረንሳይ 2 ለ 1 አሸነፈች። ተከላካይ ሆን ብሎ ከተጫወተው ኦፍሳይዱ ይነሳል ስለሚባል ነው። ብዙ ሰው ፍትሕ ጎደለ አለ፤ እኔም እስማማለሁ። በ2022 የሕግ አውጪው ቦርድ «ሆን ብሎ» የሚለውን አብራራው። ተከላካዩ ኳሱን በደንብ አይቶት ነበር? ለመዘጋጀት ጊዜ ነበረው? ኳሱ ፈጣን ነበር? ኳሱን መቆጣጠር ይችል ነበር ወይስ ተዘርግቶ ነው የደረሰበት? በዚህ መመዘኛ ያ ጎል ዛሬ መጽደቁ ያጠራጥራል። ግብ ለማዳን የተደረገ ንክኪ ደግሞ መቼም ኦፍሳይድን አያነሳም።

ደረጃ 8፦ ስህተት ካለ የቱ ዓይነት ነው?

ሴፕቴምበር 30 ቀን 2023 ቶተንሃም ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ባሸነፈበት ጨዋታ የሉዊስ ዲያዝ ጎል በኦፍሳይድ ተሻረ። የቫር ዳኞቹ ምስሉን አይተው ዲያዝ ኦፍሳይድ እንዳልሆነ አረጋግጠው ነበር። ችግሩ ሜዳ ላይ የተሰጠው ውሳኔ «ጎል» ነው ብለው ማሰባቸው ነው፤ ስለዚህ ምርመራው ማለቁን ብቻ ተናገሩ፤ ሜዳ ያለው ዳኛ ደግሞ ኦፍሳይዱ የጸና መሰለው። መስመሩ ልክ ነበር፤ የሕግ ትርጉምም አላከራከረም፤ የጠፋው መግባባት ነው። ስለ ካሜራና ስለ ብብት ብትከራከሩ መልስ አታገኙም።

«ስህተቱን ካወቁ ለምን አልመለሱትም?» የሚል ከመጣ መልሱ ሕግ ቁጥር 5 ላይ አለ። ጨዋታው እንደገና ከተጀመረ በኋላ ዳኛ እንዲህ ያለውን ውሳኔ መለወጥ አይችልም። ቫሮቹ ስህተታቸውን ሲነቁበት ቅጣት ምቱ ተመትቶ ነበር።