መድኃኒቱን የሚጠጣው ውኃው ነው

የቤት አኳሪየም ያለው ሰው ዓሣው ሲታመምበት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን መድኃኒት ልስጠው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከመነሻው ትንሽ ተንጋዷል። ጠርሙሱን ከፍተን የምናንጠባጥበው ዓሣው አፍ ውስጥ ሳይሆን ውኃው ውስጥ ነው። ውኃው ደግሞ ለታመመውም ለጤነኛውም፣ ለቀንድ አውጣውም ለተክሉም፣ በፊልተሩ ስፖንጅ ውስጥ ለሰፈሩት በዓይን ለማይታዩ ባክቴሪያዎችም እኩል ያዳርሰዋል። ቤት ውስጥ ዕጣን ሲጨስ ለአንድ ሰው ተለይቶ አይጨስም። ስለዚህ ትምህርታችን ከጠርሙሱ ሳይሆን ከውኃው ይጀምራል።

ለምሳሌ እንዲሆነን ክላውን ሎችን እንያዝ። ከሱማትራና ከቦርንዮ ወንዞች የተገኘ፣ በብርቱካናማ ገላው ላይ ሦስት ሰፋፊ ጥቁር ጭረቶች ያሉት ውብ ዓሣ ነው። ከቅርፊት አልባ ዓሦችም ይቆጠራል። ቅርፊት አልባ ዓሣ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን አምባዛ ነው፤ ቅርፊት የለውም ተብሎ ስንቱ ወደ ገበታው እንደማያስጠጋው የታወቀ ነው። ክላውን ሎች እንደ አምባዛ ጨርሶ ራቁቱን አይደለም፤ ቅርፊቱ ግን እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ ቆዳው ውስጥ የተቀበረ ነው። ሌሎች ዓሦች የሚችሉት የመዳብ፣ የፎርማሊን ወይም የማላካይት ግሪን መጠን እሱን ሊጎዳው ይችላል። ኤሌፋንት ኖዝና ብላክ ጎስት የሚባሉትም እንደዚሁ ናቸው። የሚያሳዝነው ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ በሽታ፣ ዓሣ አርቢዎች «ኢክ» የሚሉት፣ አኳሪየም ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚይዘው ይህንኑ መድኃኒት የማይችለውን ዓሣ መሆኑ ነው።

አሁን ስለ ኢክ ጠባይ ረጋ ብለን እንማር፤ ይህን ያልተረዳ ሰው የመጠን ስሕተት መሥራቱ አይቀርም። ተውሳኩ ሙሉ ስሙ ኢክቲዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ ይባላል፤ ፉኬ የተባለ ተመራማሪ በ1876 እ.ኤ.አ. የገለጸው ነው። በዓሣው ገላ ላይ የምናያት የጨው ቅንጣት የምታህል ነጥብ ከላይ የተለጠፈች አይደለችም፤ ከቆዳው ሥር ተቀምጣ ዓሣውን እየበላች ነው። ስትጠግብ ትወድቅና ጠጠሩ ላይ ተጣብቃ ራሷን በከረጢት ትሸፍናለች። ከከረጢቱ ውስጥ እየተከፋፈሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆቿ ይወጡና ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ዓሣ ያላገኙት ይሞታሉ። ልብ በሉ፤ መድኃኒቱ የሚገድለው እነዚህን ዋናተኞች ብቻ ነው። ቆዳ ሥር ያለችውንም ከረጢት ውስጥ ያለችውንም አይደርስባቸውም። እንግዲህ መድኃኒት ከጨመርን በኋላ በማግሥቱ ነጥቦቹ እንዳሉ ብናይ፣ እንዲያውም ቢበዙ፣ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም። «አልሠራም» ብሎ መጠኑን የሚያጥፍ ሰው ተውሳኩን ሳይሆን ዓሣውን ነው የሚገድለው። የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ ውኃው 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ዙሩ በሳምንት ገደማ ይጠናቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ሳምንታት ይረዝማል።

ቀጥሎ ልኬት። አኳሪየሙ 80 በ35 በ40 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ሦስቱን አባዝተን ለ1000 ስናካፍል 112 ሊትር ይወጣል፤ የመደብሩ ሰውም የሚነግረን ይህንኑ ነው። ነገር ግን ታች ጠጠር አለ፣ ላይ ደግሞ ውኃው እስከ አፉ አይሞላም። ማስመሪያውን ከጠጠሩ ጀርባ እስከ ውኃው ፊት ብናቆመው 30 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። 80 በ35 በ30 ሲሆን 84 ሊትር ነው። ድንጋይና ግንድ ካለበት ከዚህም ያንሳል። ለ112 ሊትር የሚሆነውን መድኃኒት 84 ሊትር ውስጥ የጨመረ ሰው ሳያውቀው ከታዘዘው በሲሶ አብልጦ ሰጥቷል ማለት ነው። ለሌላ ዓሣ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ለክላውን ሎች ግን የሞትና የሕይወት ልዩነት ሊሆን ይችላል። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መርፌ የሌለው ስሪንጅ ፋርማሲ ውስጥ በርካሽ ይገኛል፤ በቆርኪ መለካት ይቅር።

መድኃኒቱ ከመግባቱ በፊት አክቲቬትድ ካርቦኑ ከፊልተሩ ይወጣል፤ አለዚያ ከሰሉ መድኃኒቱን እየመጠጠ ያስቀረዋል። ስፖንጁ ግን ይቆይ፤ የባክቴሪያዎቹ ሰፈር ነው። የአየር ፓምፑም ይጨመር። ፎርማሊን የውኃውን ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ሙቀትም እንደዚሁ። 20 ዲግሪ ላይ በአንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊሟሟ ሲችል፣ 30 ዲግሪ ላይ ከ7.6 አያልፍም። መድኃኒት ገደለው የሚባለው ዓሣ ብዙ ጊዜ ታፍኖ የሞተ ነው።

እኔ ለክላውን ሎች የምመርጠው መጀመሪያ ሙቀትን ነው። ማሞቂያውን ቀስ እያሉ፣ በየጥቂት ሰዓቱ በአንድ ዲግሪ፣ ወደ 30 ማድረስ፤ በዚያ ሙቀት ተውሳኩ አብዛኛውን ጊዜ መራባት ይሳነዋል። ክላውን ሎች ሙቅ ውኃ የለመደ ስለሆነ ይችለዋል፤ ጎልድፊሽ አብሮት ካለ ግን አይሆንም። ሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ ማቆየት ነው። ሙቀቱ ካልበቃ መለያው ላይ ለቅርፊት አልባ ዓሦች የተጻፈውን መጠን መከተል ይገባል፤ በብዙዎቹ ላይ ግማሽ ነው። ስለ ቅርፊት አልባ ዓሣ አንድም ቃል የማይናገር ጠርሙስ እኔ አልገዛም። ሁለት መድኃኒት ቀላቅሎ መስጠትማ፣ አምራቹ ራሱ ካልፈቀደ፣ ድፍረት ነው።

መዳብ ለብቻው ይታይ። መርዛማነቱ በውኃው ጠባይ ይወሰናል፤ አልካሊኒቲው (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ከፍ ባለ ውኃ ውስጥ ዓሣን የማይጎዳ መጠን፣ ለስላሳ ውኃ ውስጥ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ክላውን ሎች ደግሞ የለስላሳ ውኃ ዓሣ ነው። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣንም መዳብ አይምራቸውም። ሌላ አማራጭ እያለ መዳብ እዚህ አኳሪየም ውስጥ ምን ይሠራል?

መድኃኒቱ ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ከአጠገቡ አትራቁ። እዚህ ላይ ክላውን ሎች ጀማሪን የሚያስደነግጥ ልማድ አለው፦ ሲያርፍ በጎኑ ይተኛል፣ አንዳንዴም ድንጋይ ሥር ተሸጉጦ የሞተ ይመስላል። መተኛቱን ሳይሆን ስንጥቡን እዩ። በዝግታና እኩል እየተከፈተ የሚዘጋ ከሆነ ዕረፍት ላይ ነው። በፍጥነት የሚያለከልክ፣ ወደ ላይ ወጥቶ አየር የሚጎርስ፣ ወይም እየተወረወረ ከመስተዋቱ ጋር የሚጋጭ ከሆነ መድኃኒቱ በዝቶበታል። ያን ጊዜ የውኃውን ግማሽ፣ ክሎሪኑ በማጥፊያ በጠፋና ሙቀቱ እኩል በሆነ ውኃ መለወጥ፣ ካርቦኑን መመለስ፣ የአየር ፓምፑን ማጠንከር ነው። «ማርከሻ» ብሎ ሌላ ጠርሙስ መክፈት አይገባም።

በየቀኑ አሞኒያ ለኩ። እንደ ሜቲሊን ብሉ ያሉት መድኃኒቶች ቆሻሻ የሚያጣሩትን ባክቴሪያዎች ይጎዳሉ፤ ጉዳቱም የሚታየው በማግሥቱ ሳይሆን ቀናት ቆይቶ፣ ባለቤቱ «አለፈልን» ብሎ ምግብ ማብዛት ሲጀምር ነው። ምግቡ ይቀነስ። ፎርማሊን ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ከታየ ይጣል፤ ከበፊቱ የባሰ መርዝ ሆኗል። ማላካይት ግሪን ሲነካ ጓንት ይደረግ፤ ለምግብ በሚረባ ዓሣ ላይ በአውሮፓ ኅብረትም በአሜሪካም የተከለከለ ነው።

የመጨረሻዋ ነጥብ ስትጠፋ ሕክምናው አያበቃም፤ ወድቃ ጠጠሩ ላይ እየተከፋፈለች ነውና። መለያው የሚያዘው ዙር እስኪሞላ መቀጠል፣ ከዚያ ውኃ ለውጦ ካርቦኑን መመለስ ነው። መረቡንም ወደ ሌላ አኳሪየም ከመውሰዳችሁ በፊት ፀሐይ ላይ ፍጹም ይድረቅ፤ እርጥብ መረብ በሽታውን ይዞ ይሻገራል።