የቤት ማሞቂያ ምድጃና ከውጭ የሚገባ አየር

በዲጋና በነቀምቴ አካባቢ ክረምቱ ረዥም፣ ዝናቡም ከባድ ነው። ብርዱ ሲጠና በርና መስኮት ይዘጋል፤ የከሰል ምድጃም ከደጅ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ ይህ ልማድ ድርብ አደጋ ሆኗል። በተዘጋ ቤት ከታማሚ እስትንፋስ የሚወጣው ቫይረስ በአየሩ ውስጥ ይከማቻል፤ እሳቱ ደግሞ ያንኑ አየር ከሰው ጋር ይሻማል።

እሳት በቂ አየር ሲያጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ በብዛት ያመነጫል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ስለዚህ ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ አደጋው ያለፈ የሚመስላቸው ይሳሳታሉ፤ ጭስ የሌለው ፍምም መርዙን ያወጣል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይህን ጋዝ አያግድም።

የጭስ ማውጫ ላለው ምድጃ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ከምድጃው አጠገብ፣ ከግድግዳው ግርጌ ይበጃል። ግድግዳው የጭቃ ከሆነ አጭር የብረት ቱቦ ቢገባበት ጠርዙ አይፈረፈርም። ቱቦው የዝናብ ውኃ እንዳያስገባ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይላል፤ አይጥ እንዳያልፍም በሽቦ ወንፊት ይሸፈናል። ብርድ ያስገባል ተብሎ በጨርቅ የሚደፈንበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ጭሱ ከማውጫው ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህ ቀዳዳ የሚመግበው እሳቱን ነው። ሰዎች የሚተነፍሱት አየር እንዲለወጥ ትይዩ የሆኑ መስኮቶች ወይም በርና መስኮት መከፈት አለባቸው፤ ይልቁንም ለለቅሶ ወይም ለቡና ጎረቤት ሲሰበሰብ። ቡናው በረንዳ ላይ ቢፈላ ይመረጣል። ማውጫ የሌለው የከሰል ምድጃ ግን፣ ቀዳዳ ቢኖርም እንኳ፣ ሰው በተኛበት ክፍል ማደር የለበትም።

ራስ ምታት፣ ድካምና ማቅለሽለሽ የኮቪድም የከሰል መርዝም ምልክቶች በመሆናቸው አንዱ በሌላው ይሳታል። ትኩሳት ሳይኖር የአንድ ቤት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙና ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው፣ በቅድሚያ ምድጃው ይጠርጠር። ለመርዳት የሚገባ ሰው በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ታማሚዎቹን በፍጥነት ወደ ንጹሕ አየር ያውጣ። ራሱን የሳተ ሰው፣ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ሴት የተሻላቸው ቢመስልም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዱ። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲኖር ግን በነፃ የስልክ መስመር 8335 ይደወላል፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ይነገራል።