ከእንግሊዝኛ ግሥ በስተኋላ የሚሰለፉ ትንንሽ ቃላት

በእንግሊዝ አገር አንዲት እናት ዛፍ ላይ የወጣ ልጇን ስትጠራ «ካም ባክ ዳውን ሂር» ትለዋለች። በዚህች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግሡ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «ካም» ነው። የቀሩት ሦስቱ፣ «ባክ»፣ «ዳውን» እና «ሂር»፣ ከግሡ ኋላ የተሰለፉ ተውሳከ ግሦች ናቸው። የእኛዋ እናት ብትሆንስ ምን ትል ነበር? «ተመልሰህ ወደዚህ ውረድ!» ትላለች። እዚህ ላይ ልብ በሉ። «ተመልሰህ» ራሱ ግሥ ነው፤ «ውረድ»ም ግሥ ነው። እንግሊዞቹ በተውሳከ ግሥ የሚሉትን እኛ በግሥ እንለዋለን ማለት ነው። ተማሪዎቻችን (እኛም ራሳችን ጭምር) በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ የምንደናቀፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህችው ላይ ይመስለኛል።

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። «ሂ ራን ባክ አውት» ማለት «እየሮጠ ተመልሶ ወጣ» ማለት ነው። በአማርኛው ዋናው ግሥ የመጨረሻው «ወጣ» ሲሆን፣ ሩጫውና መመለሱ ከፊቱ እየቀደሙ ይገባሉ። በእንግሊዝኛው ግን ሩጫው ዋና ግሥ ሆኖ ከፊት ይቆምና የእኛ ዋና ግሥ፣ «ወጣ» ያልነው፣ «አውት» የምትባል ኩርማን ቃል ሆና መጨረሻ ላይ ትቀራለች። ተማሪው አማርኛውን ቃል በቃል ሲያሻግር «ሂ ዌንት አውት ባይ ራኒንግ» የሚለው ለዚህ ነው። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የራሱን ቋንቋ ሥርዓት በታማኝነት ተከትሎ ነው እንጂ።

ነገሩ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ሌናርድ ታልሚ የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ባወጣው ጽሑፍ ቋንቋዎች የጉዞን አቅጣጫ የት እንደሚያስቀምጡ እያነጻጸረ አሳይቷል። እንግሊዝኛ አቅጣጫውን ከግሡ ውጭ በትንንሽ ቃላት ሲያስቀምጥ፣ ሴማዊ ቋንቋዎች ግን በግሡ ሆድ ውስጥ ይከቱታል ይላል። አማርኛም ሴማዊ ነውና «ወጣ፣ ወረደ፣ ገባ፣ ተመለሰ፣ ተሻገረ» የሚሉትን አንድ በአንድ ብታዩ አቅጣጫው እዚያው ግሡ ውስጥ ነው።

ታዲያ ይህ ለእኛ ለሠልጣኞች ምን ይጠቅማል? በማስተማር ልምምድ ወቅት ከኋላ ተቀምጬ በተከታተልኩት አንድ የ5ኛ ክፍል ትምህርት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ልጅ ሰሌዳው ላይ ጽፋ ወደ ቦታዋ ስትመለስ፣ ያስተምር የነበረው አንድ ፊደል መጉደሉን አየና «ጎ ባክ አፕ ኤንድ ራይት ኢት አጌይን» አላት። ልጅቷ «ጎ» የሚለውን እንደሰማች ክው አለችና ቀጥታ ወደ በሩ! ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ደወሉ እስኪደወል ድረስ እጇን አላወጣችም። እንግዲህ ልጅቷ «ጎ» ማለት «ሂጂ» መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ያልደረሳት «ባክ አፕ» የሚለው ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ግሡ ከተሰማ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ሰሚው ይነሣል፣ ይሄዳል። በእንግሊዝኛ ግን ግሡ ሲሰማ ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። ልጅቷ በአማርኛ ጆሮዋ ሰምታ በአማርኛ ልማድ ታዘዘች። ያስተምር የነበረውም ቢሆን «ጎ» የሚለውን ጮክ ብሎ ሲያበቃ የቀረውን ዋጥ ነበር ያደረገው።

የትንንሾቹ ቃላት ሰልፍ ዝም ብሎ ግርግር አይደለም፤ የራሱ ተራ አለው። «ባክ» ብዙውን ጊዜ ከአቅጣጫ ቃላት ይቀድማል። «ጎ ባክ አፕ»፣ «ካም ባክ ኢን»፣ «ራን ባክ ዳውን» ይባላል። «ሂር» እና «ዜር» ደግሞ መድረሻውን ስለሚያመለክቱ ከአቅጣጫው ኋላ ይቆማሉ፤ «ጎ ባክ አፕ ዜር» እንደሚባለው። «ካም ሂር ዳውን ባክ» ብሎ የሚጣራ ሰው የለም። ተራውን ስታዩት የጉዞውን መልክ የያዘ ይመስላል፤ መጀመሪያ መመለሱ፣ ቀጥሎ አቅጣጫው፣ በመጨረሻም የሚደረስበት ቦታ። ማግባባት ሲፈለግ «ኦን» ከሁሉም ፊት ትገባለች። «ካም ኦን ባክ ኢን ሂር» ሲሉ «ኧረ ተመለስና ወደዚህ ግባ» እንደ ማለት ነው። ለማጥበቅ ሲፈለግ ደግሞ «ራይት» ትጨመራለች፤ «ካም ራይት ባክ» ማለት «አሁኑኑ ተመለስ» ነው። «አጌይን» ከነዚህ ሁሉ ኋላ ትመጣለች። በነገራችን ላይ «ባክ» እና «አጌይን» እንዳይምታቱባችሁ። «ጎ ባክ» ማለት «ተመልሰህ ሂድ»፣ «ጎ አጌይን» ማለት ግን «እንደገና ሂድ» ነው።

ተሳቢ ሲኖርስ? በተለይ ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ከግሡ ጋር ይጣበቅና ትንንሾቹ ቃላት ከእሱ ኋላ ይሰለፋሉ። «ፑት ኢት ባክ ዳውን ዜር» ትክክል ነው፤ «ፑት ባክ ዳውን ኢት» ግን አይሆንም። ተሳቢው ስም ሲሆንና ትንሿ ቃል አንድ ብቻ ስትሆን ነጻነት አለ፤ «ፑት ዳውን ዘ ቾክ» ቢባል «ፑት ዘ ቾክ ዳውን» ቢባል ያው ነው። ትንንሾቹ ቃላት ሲበዙ ግን ጠመኔውን አስቀድሞ «ፑት ዘ ቾክ ባክ ዳውን» ማለቱ ለጆሮ ይስማማል።

በሰዋስው መጽሐፍ የተማርነው የሁኔታ፣ የቦታና የጊዜ ተራ ከዚህ የሚቀጥል ነው። «ሺ ስፖክ ኳየትሊ ኢን ክላስ የስተርዴይ» የሚለውን ከአማርኛው ጋር አስተያዩት፤ «ትናንት ክፍል ውስጥ በዝግታ ተናገረች»። ከኋላ ወደ ፊት ብታነቡት እኮ ያው ራሱ ነው፤ በመስተዋት እንደ ማየት ነው! በመሄድና በመምጣት ግሦች ላይ ግን ቦታው ሁኔታውን ይቀድማል፤ «ሂ ዌንት ሆም ኳየትሊ» ይላሉ።

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ «ኧረ እንግሊዝኛም እንደ አማርኛ አቅጣጫን በግሥ ይናገራል! ኤንተር፣ ሪተርን፣ አሴንድ፣ ዲሴንድ የሚሉት ምንድን ናቸው?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፤ ግን እነዚህ ግሦች ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ገብቷል። እኛ እነዚህን ቃላት የምንወዳቸው የአማርኛውን መልክ ስለያዙልን ነው። ችግሩ ለጽሕፈት ያማሩ ሆነው በቤት ወግ ላይ የደብዳቤ ቋንቋ ይመስላሉ። ዛፍ ላይ ያለውን ልጅ «ዲሴንድ!» ብላ የምትጠራ እናት የለችም። ደግሞም አንዳንዶቻችን ሁለቱንም እንዳይቀር ብለን «ሪተርን ባክ» እንላለን፤ ይህ «ተመልሶ ተመለሰ» እንደ ማለት ነው።

በጥንት ጊዜ እነዚህ ትንንሽ ቃላት ከግሡ ፊት መቆማቸው የተለመደ ነበር። ያ አሮጌ ሰልፍ ዛሬም በአንዳንድ ስሞች ላይ ይታያል። «ኢንካም» ገቢ ነው፤ «አውትካም» ውጤት ነው። የእኛም «ገቢ» ከ«ገባ»፣ «ውጤት»ም ከ«ወጣ» መውጣታቸውን ሳስተውል ሁለቱ ቋንቋዎች በጎን በር የተገናኙ መሰለኝ። እንዲያውም ታዋቂው ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ ለውጭ አገር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ከግሥ ኋላ የሚታከለው ትንሽ ቃል መሆኑን አትቷል። ስለዚህ መቸገሩ በእኛ አልተጀመረም።

ወደ ክፍላችን ስንመለስ፣ ሃያ ሠላሳ እንዲህ ያሉ ሐረጎችን ከነትርጉማቸው ሰሌዳ ላይ ደርድሮ ማስገልበጡ ብዙ የሚፈይድ አይመስለኝም። በር፣ ሰሌዳና አግዳሚ ወንበር ካለ መሣሪያው ተሟልቷል። ልጆቹን አስነሥቶ «ካም አፕ ሂር»፣ «ጎ ባክ ዳውን ዜር»፣ «ጎ አውት»፣ «ካም ባክ ኢን»፣ «ሲት ባክ ዳውን» እያሉ በአካል ማስደረግ ነው። አንድ ደንብ ግን መኖር አለበት፤ አስተማሪው ተናግሮ ሳይጨርስ የተንቀሳቀሰ ከጨዋታው ይወጣል። በዚህ ዓይነት ጆሮው ከግሡ በኋላ መጠበቅን ይለምዳል። ድምፅም ይታሰብበት። እንግሊዞቹ «ሲት ዳውን» ሲሉ «ዳውን» ላይ ጫን ይላሉ እንጂ እንደኛ «ሲት» ብለው የቀረውን አይውጡትም።

ለመሞከሪያ የሚሆኑ አራት ዐረፍተ ነገሮች ትቼላችኋለሁ። «ደብተሩን መልሰሽ እዚያ ላይ አስቀምጪው።» «እየሮጠች ተመልሳ ገባች።» «ውጣና እንደገና ተመልሰህ ግባ።» «ትናንት ከገበያ በእግሯ ተመለሰች።» «ሪተርን» እና «ኤንተር» የሚሉትን ሳትነኩ ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸውና ወረቀቱን በግድግዳ ጋዜጣው ሣጥን ውስጥ ክተቱ። የመጨረሻዋን ደግሞ «ባይ ፉት»ም «ኦን ፉት»ም ሳትሉ ሞክሯት።